የሚለቅ ሙጫ

ጋሽ ቅኝት ከሥራ ጠረጴዛው እግር ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። አጠገቡ የእንጨት መሰላል ወድቋል። ደረቱ ላይ ጀርባዋ የተነደለ፣ ጎኗ የተገነጠለ ጊታር ተጋድማለች፤ ስንጥሯ ጢሙ ላይ ሳይቀር ተበትኗል። ከራሱ በላይ፣ ጠረጴዛው ላይ የታሰረው ሞርሳ፣ ያ እንጨት ነክሶ የሚይዘው ከባድ ብረት፣ ጥጉ ላይ ደም ደርቆበታል። የሟቹ አፍ ግን ሳቅ ሲጀምር የተያዘ ሰው አፍ ይመስል ነበር።

«ጋሽ ቅኝት» እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሰው ቤት ገብቶ ግድግዳ ላይ ጊታር ካየ፣ መጀመሪያ አውርዶ ይቃኛታል፤ «እንደምን ዋላችሁ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ይህን አድርጓል እያሉ የሚያሙት ነበሩ። ያረጁ ጊታሮችን ሲጠግን ፀጉሩ ነጣ። ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ደግሞ ከአባቱ የወረሳትን፣ በዕድሜ የምትበልጠውን፣ «አሮጊቷ» እያለ የሚጠራትን ጊታር ነበር። ከጠረጴዛው በላይ፣ እጅ በማይደርስበት ችካል ላይ ተሰቅላ ትኖር ነበር። አሁን ችካሉ ባዶ ነው።

መርማሪዋ ወደ ውስጥ ገብታ ቆመች። የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ትንሽ ናት፣ ድምፅ አታሰማም፣ ግን ትወጋለች። ዛሬ የተወጋችው እሷው ነበረች። ይህን ክፍል በደንብ ታውቀዋለች። አባቷ ሲሞት ቆልፋ ያስቀመጠችውን ጊታር፣ ራሷም ሽበት ማብቀል ስትጀምር አውጥታ ለጋሽ ቅኝት ያመጣችው በዚህ ዓመት ነው። እሱ ሲጠግን እሷ አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ታያለች። ሲደክመው ሌላ ጊታር ያቀብላትና «እስቲ ምቺ፣ ጣትሽ ረስቶ እንደሆነ እንየው» ይላታል።

ጣቷ ረስቷል። ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ስትሻገር እጇ መንገድ እንደጠፋው ሰው ይቆማል። ጋሽ ቅኝት ደግሞ አንድ አመል ነበረው፣ ሲያስተምር ይስቃል። ክፋት የለውም፤ ግን ከሆዱ ይስቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀይማው ወጥታለች። ሁልጊዜም ተመልሳለች፤ የግራ እጇ ጣቶች ጫፍ እየተላጠ፣ ስብሰባ ላይ ሳይቀር የተላጠውን ቆዳ በአውራ ጣቷ ጥፍር እየፋቀች።

ወደ መስኮቱ ዞረች። ዓይኗ እስኪጠራ ድረስ ቆየች። ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው።

«እህ፣ ምን አገኘሽ?»

«ገና ነኝ።»

«ምኑ ነው ገና? ሽማግሌ ነው። መሰላል ላይ ወጣ፣ ጊታሩን ሊያወርድ ሲል ወደቀ። ጨርሺውና ነይ።»

«ክሮቹ ግን ተወጥረዋል።»

«የምን ክሮች?»

«የጊታሯ» አለችና ዘጋችው።

ጎንበስ ብላ በጓንት በተሸፈነ ጣቷ አንዱን ክር ነካችው። ከዚያ የተሰባበረ ሆድ ውስጥ ሻካራ፣ ግን በትክክል የተወጠረ ክር ድምፅ ወጣ። ጋሽ ቅኝት ደግሞ ያረጀ ጊታር ሲሰቅል ክሩን ሁልጊዜ ያላላል። «አሮጊት ሴት መቀነት ጥብቅ አድርገሽ አስረሽ አታሳድሪያትም፤ ትጎብጥብሻለች» ይል ነበር። ከችካል ላይ የወረደች ጊታር ክሯ ልል መሆን ነበረበት።

ባለቤቱ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ዕድሜ ልኳን ትክክለኛ መልስ ስትፈልግ የኖረች ሴት ናትና የራሷን መልስ ቀድማ አዘጋጅታ ነበር።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች።

«እንዴት እትዬ?»

«ጠዋት ተጣላን። ‹ወይ እሷ ከግድግዳው ትውረድ፣ ወይ እኔ ከቤቱ ልውጣ› አልኩት። ብዬውም ወጣሁ፤ እህቴ ቤት አደርኩ። እሱ ለካ እኔን ብሎ ሊያወርዳት መሰላል ላይ ወጥቷል። በዚያ ጉልበቱ! የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ፣ ልጄ።»

«ምን ቢያስመርርዎት ነው?»

ሴትዮዋ እጆቿን አየች። «እኔ ስናገር ‹እ?› ይለኛል። ያቺ እንጨት ስትንቋቋ ግን ከእንቅልፉ ይነሳል። ሰው በእንጨት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ይኸው ነው።»

መርማሪዋ ልታጽናናት ፈለገች፤ ግን ባዶ ማጽናኛ እንደማይጠቅማት አወቀች። አለቃዋ እንዳለው «ወደቀ» ተብሎ ከተዘጋ፣ ይህቺ ሴት እስክትሞት ድረስ ያን መሰላል በትከሻዋ ተሸክማ ትኖራለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ ለመርማሪዋ የፖሊስ ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረ።

አሮጌ ዕቃ የሚነግደውን ሰውዬ አገሩ ሁሉ «አንቲካ» ይለዋል። ሱቁ ውስጥ መሥራት ያቆሙ ሰዓቶች፣ ሽቦ የሌላቸው ስልኮች፣ እግራቸው የጎደለ ወንበሮች እላይ በላይ ተከምረዋል። እሱ ራሱም ከዕቃው አንዱ ይመስላል።

«ጋሽ ቅኝትን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ኧረ ቆየሁ! እኔ እዚያ ቤት እግሬም አይደርስ።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ ትንሽ ማጉያ መነጽር አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። «እግርዎ ባይደርስ ዓይንዎ ደርሷል። ጠረጴዛው ሥር ነው ያገኘሁት።»

አንቲካ መነጽሩን አየው። ከዚያ በሩን አየ። ከዚያ ተስፋ ቆረጠ።

«የጠራችኝ ሚስቱ ናት። ‹ናና ግዛት፣ ከቤቴ ትውጣልኝ› አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። እሱ ግን ‹አትሸጥም፤ ማየት ግን ትችላለህ› አለኝ። መሰላሉን እኔው ከጓሮ አምጥቼ ወጣሁና በመነጽሬ አየኋት። እንዳልነካት ከሥር ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር፣ እንደ ሕፃን!»

«ክሮቿ እንዴት ነበሩ?»

«ልል ነበሩ። ተንጠልጥለው።»

«መሰላሉንስ መለሱት?»

«ግድግዳውን አስደግፌ ‹ልመልሰው?› ብለው ‹ተወው› አለኝ። ትቼው ሄድኩ።»

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?»

«ሴትዮዋ ለመነችኝ። ‹የጠብ ቃሌን ተናግሬያለሁ፤ እሱ በሕይወት ሳለ ገዢ መጥራቴን ግን ሰው አይስማብኝ› አለችኝ። አሳዘነችኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲያው… ሬሳዋን ለአንድ አፍታ ባየው?»

«የማንን ሬሳ?»

«የአሮጊቷን።»

«እሷ ለምርመራ ተይዛለች» አለችና ወጣች። ለሰውየው ሳይሆን ለእንጨቱ የሚያለቅስ ሰው ማየት አበሳጭቷት ነበር።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አናጺ ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሰፊ ሥራ ቤቱ ቁም ሣጥን ይሠራል፤ ትከሻውም ሥራውም አንድ ዓይነት ስለሆነ «ቁምሣጥን» ብለው ሰይመውታል። መርማሪዋ ስትደርስ ብቻውን እንጨት ይልጋል።

«በዚህ ቀን ሥራ?» አለችው።

«ቁጭ ካልኩ አብዳለሁ፣ እህቴ።» መላጊያውን አስቀመጠ። ዓይኑ አብጧል፤ ማልቀሱ እውነት ነበር። «ወንድም ጋሼ አባቴም ወንድሜም ነበር።»

«ያን ዕለት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። የት እሄዳለሁ?»

«ጊታር ይጫወታሉ?»

አናጺው ሳቅ ለማለት ሞከረ። «እኔ? አባታችን ልጅ ሳለን ሁለታችንንም አስቀምጦ ፈተነን። ለእሱ ጊታሯን ሰጠው። እኔን ‹ያንተ ጆሮ ከእንጨት ነው፤ ሂድ ከእንጨት ጋር ኑር› አለኝ። ይኸው ኖርኩ።» እየተናገረ የግራ እጁን ጣቶች ጫፍ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይፍቃል።

«እጅዎን ምን ነካው?»

«ኮላ ነው። የአናጺ እጅ መቼ ይጠራል?» በኩራት አንዱን ቁም ሣጥን በመዳፉ መታ። «ይህን ያየሽው እንደሆነ፣ ቤቱ ቢፈርስ እሱ አይፈርስም። የእኔ ኮላ አንዴ ከያዘ ያዘ ነው።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። መንገድ ላይ የራሷን ጣት እየፋቀች መሆኑን አስተዋለችና እጇን ኪሷ ከተተች።

ወደ ጋሽ ቅኝት ቤት ይመላለሱ ከነበሩት የቀረው ድምፃዊው ነበር። በወጣትነቷ ዘፈኑን በቃሏ የማትይዝ ጓደኛ አልነበራትም። ከመድረክ ጠፍቶ ኖሮ አሁን በአንድ ጊታር ብቻ ሊመለስ ይለማመዳል፤ መድረክ ላይ ለሚመለስበት ምሽት አሮጊቷን ሊያውሰው ጋሽ ቅኝት ቃል ገብቶለት ነበር። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አገኘችው። የቀኝ እጁ ጥፍሮች ለመምታት ብሎ ያሳደጋቸው ናቸው፤ አንዱ ተሰብሯል።

«ጥፍርዎ ምን ሆነ?»

«በር።»

«የማን በር?»

«የመኪና» አለና ዓይኑን ወደ ግራ እጇ መለሰ። «አንቺ ትጫወቻለሽ አይደል? ማታ ማታ እሱ ጋ ትሄጂ ነበር።»

«አዎ።»

«ያን ዕለትስ?»

መርማሪዋ ግራ ገባት። ጠያቂና ተጠያቂ ቦታ ተለዋውጠዋል። «አልሄድኩም። ለምን ጠየቁኝ?»

ድምፃዊው ጊታሩን ጎኑ አስቀመጠ። «እንግዲህ ልናገር። መምሸት ሲጀምር ሄጄ ነበር። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ቀዳዳው ውስጥ እጄን ሰድጄ መቀርቀሪያውን ልስብ ስል ነው ጥፍሬ የተሰበረው። ከውስጥ ጊታር ይሰማል። የሚመታው ጀማሪ ነው፤ ኮርድ ሲቀይር ይቆማል፣ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ይቀጥላል። አንቺ መስለሽኝ፤ ትምህርታችሁን እንዳልረብሽ ብዬ ተመለስኩ። ሲነጋ መሞቱን ሰማሁ፤ መርማሪዋ ደግሞ አንቺው ሆንሽ። ፖሊስ ሰማሁ ብዬ ለፖሊስ ልክሰስ?»

መርማሪዋ በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ሳቋ መጣባት። «ይህን ያህል መጥፎ ነበር?»

«እንዳትቀየሚኝ እንጂ ልክ እንደ አንቺ ነው። ዘግይቶ የጀመረ ሰው እጅ ያስታውቃል።»

በማግሥቱ ጠዋት ከሬሳው ጋር የተነሳችውን ጊታር ከዕቃ ክፍል አስወጥታ ወደ ጋሽ ቅኝት ሥራ ክፍል ወሰደቻት። ስትሞት እንጂ ሳለች ቀርባ አይታት አታውቅም፤ አሮጊቷን ሁሉም የሚያውቃት ከታች ወደ ላይ አንጋጦ ነው። የተሰበረውን ጀርባ ብርሃን ላይ ይዛ አገላበጠችው። መደርደሪያው ላይ ጀርባው ተከፍቶ ጥገና የሚጠብቅ የሌላ ደንበኛ አሮጌ ጊታር ነበር፤ እሱንም አውርዳ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ለአራቱም ደወለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ተሰበሰቡ። ባለቤቱ በጥቁር ልብስ በርጩማው ላይ፣ አንቲካ መደርደሪያው አጠገብ፣ ድምፃዊው መስኮቱ ሥር። አናጺው ወደ በሩ ተጠግቶ ቆመ፤ በሩ ላይ ደግሞ አንድ ፖሊስ ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው» አለች መርማሪዋ። «ከመሰላሉ እንጀምር። ጋሽ አንቲካ፣ መሰላሉን ማን አመጣው?»

«እኔ» አለ ሰውየው ባለቤቱን እያየ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እትዬ። ነገርኳት።»

ሴትዮዋ አቀረቀረች።

«ስለዚህ መሰላሉ እዚህ መገኘቱ ጋሽ ቅኝት ወጣ ማለት አይደለም። ሁለተኛው ነገር ክሩ ነው። ከሰዓት በኋላ የአሮጊቷ ክሮች ልል ነበሩ። ሬሳው ላይ የተገኘችው ጊታር ክሮች ግን የተቃኙ ነበሩ። ሲመሽ ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ጀማሪ ጊታር ሲመታ ተሰምቷል።»

«በጆሮዬ» አለ ድምፃዊው።

«እኔም መጀመሪያ ‹አንድ ሰው አሮጊቷን አውርዶ፣ ቃኝቶ መታት› ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።» የተሰበረችውን ጊታር አንስታ ለአንቲካ ሰጠችው። «ሬሳዋን ልይ ብለውኝ ነበር። ይኸው።»

አንቲካ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። ፊቷን አየ፣ አንገቷን አየ፣ መቃኛዎቿን አየ። ቀለሙ ተለዋወጠ። «ይቺማ አሮጊቷ አይደለችም! ትመስላታለች፤ ቀለሟም ቁመቷም። ግን እዚህ ጋ እንጨቱ እንደ አዲስ ነው፣ ገና ጠረኑ አልወጣም!»

«ስስ ቦታዋን ልንገርዎ» አለች መርማሪዋ። ተከፍቶ የሚጠብቀውን ጊታር አነሳች። «ይህን ጋሽ ቅኝት በዓይኔ እያየሁ ነው የከፈተው። በሞቀ ቢላዋና በፍል ውኃ። ያረጁ ጊታሮች የተጣበቁት ከቆዳ በሚፈላ ሙጫ ነው። እዩት፤ መጋጠሚያው ንጹሕ ነው፣ አንድ ስንጥር አልተቀደደም። ‹ጥሩ ሙጫ ሲያስሩት የሚይዝ፣ ሲለምኑት የሚለቅ ነው። እኔ ስሞት ሌላ ሰው ከፍቶ ይጠግነዋል› ይል ነበር። አሁን ይቺን እዩ። እንጨቱ ከጎንና ከጎን ተቀድዷል፤ መጋጠሚያው ግን ንቅንቅ አላለም። ይህ ነጭ ኮላ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ኮላም እንደዚያው ነው። ጊታር ሠሪ በኮላ አይሠራም። የማይለቅ ነገር የሚያኮራው፣ እንጨት በደንብ የሚያውቅ፣ ጊታር ግን ያልተማረ ሰው ነው የሠራት።»

ማንም ስም አልጠራም። ሁሉም ግን ወደ በሩ ዞረ።

አናጺው ትከሻውን ነቀነቀ። «ኮላ እንደሆነ በየሱቁ ይሸጣል።»

«ይሸጣል። እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

መጀመሪያ ቀኙን ዘረጋ።

«ግራውን ደግሞ።»

ዘረጋው። መርማሪዋ የራሷን ግራ እጅ ጎኑ አስቀመጠች። የሁለቱም አራት ጣቶች ጫፍ ደድሯል፤ ቆዳው ተላጧል፣ በመካከሉ ክር የቆረጠው ቀጭን መስመር ይታያል። የቁመትና የውፍረት ልዩነት ባይኖር አንድ ሰው ሁለት ግራ እጅ ያለው ይመስል ነበር።

«ኮላ ነው አሉኝ። ኮላ ግን ግራ እጅ መርጦ አይነካም» አለች በቀስታ። «በዚህች በሠሯት ጊታር ለወራት ሲለማመዱ ነበር። ያን ዕለት እሷን ሰቅለው እውነተኛዋን ሊሰርቁ መጡ፤ ወንድምዎ ደረሰብዎት…»

«አይደለም!»

ጩኸቱ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጊታሮች ሁሉ አንቋቋቸው። ቁምሣጥን የሚያህለው ሰውዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ሌባ አይደለሁም። ላሳየው ነው የመጣሁት። አሮጊቷን እጄ ነክቷት አያውቅም፤ እዚህ በመጣሁ ቁጥር ቁጭ ብዬ በዓይኔ ለካኋት። ሠራኋት። ብቻዬን ተማርኩ። ‹ወንድም ጋሼ፣ በሩን ዝጋና ስማኝ፣ ሰው እንዳይገባብን› አልኩት። የአባታችንን ዜማ መታሁለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።» አንቲካ የያዛትን ጊታር በእጁ አመለከተ። «ስጨርስ ተቀበለኝና ጀርባዋን በጣቱ አንኳኳት። ሳቀ። ‹አበጀህ! ጥሩ መሳቢያ ሠርተሃል› አለኝ።»

መርማሪዋ ያን ሳቅ ከነድምፁ ሰማችው። እሷ ስትቀየም በሩን ዘግታ ነበር የምትወጣው። ይህ ሰው ደግሞ ለመውጣት በር የሌለው ቅያሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ተሸክሟል።

«ገፋሁት» አለ አናጺው። «አንዴ ነው የገፋሁት። ብረቱ ላይ ወደቀ። ጠራሁት፣ አልተነሳም። መሳቢያ ናት አላለም? በጉልበቴ ሰበርኳት። ከዚያ መሰላሉን አየሁት። ወጥቼ እውነተኛዋን አወረድኩ፣ የተሰበረችውን ደረቱ ላይ አደረግሁ፣ መሰላሉን ጣልኩ። ሰው ‹ሊያወርዳት ሲል ወደቀ› እንዲል።»

«አሮጊቷ የት ናት?»

«ቤቴ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ። አልመታኋትም።» ቀና አለ። «ክሯን ሳላጠብቅ ነው ያስቀመጥኳት። እንዳትጎብጥ።»

ባለቤቱ ከበርጩማው ተነስታ ቆማ ነበር። የሚሰማውን ሁሉ አልሰማች ይሆናል፤ አንድ ነገር ብቻ ይዛ ቀርታለች።

«አልወጣም?» አለች። «መሰላሉ ላይ አልወጣም?»

«አልወጡም፣ እትዬ» አለች መርማሪዋ። «እግራቸው መሬት ላይ ነበር። ሊያወርዷት አልሞከሩም።»

ሴትዮዋ ከሬሳው መገኘት ጀምሮ ይዛው የነበረ የሚመስል ትንፋሽ አወጣች። ከዚያ አለቀሰች፤ በጥፋተኝነት ሳይሆን እንደ ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ። ሲወጣላት ወደ ባሏ ወንድም ዞረች።

«እኔም ላይ ስንት ዓመት ስቋል» አለችው። «ሰው እንደዚያ ሲስቅ የሚያስለቅሰውን አያይም። ግን መልሶ የሚጠግነውም እሱ ነበር፤ ቢያድር ኖሮ ጠርቶህ ‹ና፣ ሙጫውን ላሳይህ› ይልህ ነበር። አላሳደርከውም።»

ፖሊሱ የአናጺውን ክንድ ይዞ አስነሳው። በሩ ጋ ሲደርሱ ድምፃዊው ከመስኮቱ ሥር ተናገረ።

«ያ ዜማ» አለ። «ከውጭ የሰማሁት። ጣትህ ነበር እንጂ የሚቆመው ጆሮህ ደህና ነው። ዜማው ልክ ነበር።»

አናጺው ዞሮ አየው። «ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመሰከረለትን ይዞ ወጣ፤ መንገዱን ሁሉ በግራ እጁ ጣቶች ጭኑ ላይ ኮርድ ይቆጥር እንደነበር ፖሊሱ በኋላ ተናግሯል።

ፍርዱ ካለቀ በኋላ አሮጊቷ ለባለቤቱ ተመለሰች። መርማሪዋ ራሷ ይዛላት መጣች። ክፍሉ ተጠርጓል፤ የአባቷ ጊታር ጥገናው አልቆ ክሩ ላልቶ ከነበረበት አልተነሳም። ሴትዮዋ አሮጊቷን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ እንደ እንግዳ ልጅ፣ አያያዙን ሳታውቅበት።

«ይሸጧታል?» አለች መርማሪዋ።

«አንቲካ ሁለቴ መጣ። ሁለቴ መለስኩት።» ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ያን መሰላል አምጪልኝ።»

«እኔ ልስቀልልዎት፣ እትዬ።»

«ትውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ያዢልኝ።»

መርማሪዋ መሰላሉን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች። ሴትዮዋ ጊታሯን በአንድ ክንዷ አቅፋ እርከኑን አንድ በአንድ ወጣች። ችካሉ ላይ ሰቅላት ለጥቂት ጊዜ መዳፏን በጊታሯ ሆድ ላይ አሳርፋ ቆየች፤ ከዚያ ወረደች፤ የባሏ ወንበር ላይም ተቀመጠች።

«በይ አሁን የአባትሽን ጊታር ምቺልኝ» አለች።

«ገና አልቻልኩም። እሳሳታለሁ።»

«ተሳሳቺ። የሚስቅብሽ የለም።»

መርማሪዋ ጊታሩን አውርዳ ክሮቹን አንድ በአንድ ቃኘች። ጀመረች። ወደ ሁለተኛው ኮርድ ስትሻገር ጣቷ ቆመ፣ ፈለገ፣ አጣ። ሁለቱም ጠበቁ። ከጠረጴዛው በኩል መምጣት የነበረበት ሳቅ አልመጣም። ያኔ ነው መርፌ የተባለችው ሴት ፊቷን ጊታሩ ላይ ደፍታ፣ ጋሽ ቅኝት ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ያለቀሰችው።